ምዕራፍ ስድስት፦ ሌሊትን በጥቁር ወረቀት ላይ መሣል

በአገራችን የጽሕፈትና የሥዕል ልማድ መሠረቱ ብሩህ ነው። ጸሐፊው ብራናውን ወጥሮና ፍቆ ካነጣው በኋላ ከጥላሸት በተቀመመው ቀለም ይጽፍበታል፤ ሠዓሊውም ሳንቃውን በነጭ ልስን ወይም የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በነጭ ሸማ ከሸፈነ በኋላ የቅዱሳኑን ገጽ በጥቁር መስመር ይነድፋል። ስለዚህ እጃችን ከአበው ጀምሮ የለመደው በብርሃን ላይ ጽልመትን መጨመር ነው። ሌሊትን በፓስቴል፣ ያውም በጥቁር ወረቀት ላይ፣ ለመሣል የሚነሣ ሰው ግን ይህን ሥርዐት ገልብጦ፣ ጽልመቱን አስቀድሞ እንደ ተሰጠ ሀብት ተቀብሎ፣ ከእጁ የሚያወጣው ብርሃንን ብቻ ይሆናል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ጠመኔ ያልጨበጠ የትምህርት ቤት ልጅ የለምና ነገሩ ከቶ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም ሰሌዳው የጠቆረው ፊደሉን አጉልቶ ለማሳየት ሲሆን የሠዓሊው ወረቀት ጥቁረት የሥዕሉ ክፍል፣ እንዲያውም አብዛኛው ክፍል ሆኖ ይኖራል። ጀማሪ የሚቸገረውም ሳይነካ ሊተወው የሚገባውን ስፍራ ለመተው ልቡ እምቢ ስለሚለው ነው።

ለስላሳ ፓስቴል በሦስት ነገሮች ይቀመማል፤ ይኸውም ሕብሩን በሚሰጠው በደቀቀ የቀለም ዱቄት፣ ያንኑ በሚያፈካው ነጭ ጠመኔ፣ ሁለቱንም አያይዞ በጣት የሚያዝ በትር በሚያደርጋቸው እጅግ ጥቂት ሙጫ ነው። ሙጫው ጥቂት በመሆኑ በትሩ ወረቀት እንደ ነካ ይፈርሳል፤ ቀለሙም በቅባት ሳይዋጥ፣ ዱቄት እንደ ሆነ፣ በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ ተይዞ ይቀራል። ብርሃን በዚህ ደረቅ ዱቄት ላይ ሲወድቅ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ፓስቴል ከዘይት ቀለም ይልቅ የፈካ ሆኖ ይታያል፤ ይህንም አንባቢው በልቡ ይያዘው፣ ወደ ኋላ ስለ ማድረቂያው መርጫ ስንናገር ይጠቅመናልና። ልጆች የሚያውቁት በሰምና በዘይት የተለወሰው በትር የሌላ ወገን ነው፤ ለሌሊት ሥዕል ባይጠላም የዱቄቱን ፍካት አይሰጥም።

ወረቀቱ ልሙጥ ከሆነ ዱቄቱ ተንሸራትቶ ይረግፋል። በከተማ ዙሪያ ያለ ሠዓሊ ውድ ወረቀት ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ እያራሱ የሚፍቁበት ጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት፣ የደቀቀው ዓይነት፣ ለልምምድ ይበቃል፤ ክፋቱ በትሩንም የጣትንም ጫፍ በአንድነት መብላቱ ነው። ከዚያ የተሻለውን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ብሎኬት ሠሪዎች የሚያውቁትን ፑሚስ አድቅቆ በሻሽ ይነፋና፣ ከከሰል ዱቄትና በውሃ ከቀጠነ ኮላ ጋራ አዋሕዶ በወፍራም ካርቶን ላይ ይቀባዋል። እኔ በዚህ ውሕደት ላይ ጥቂት ቀይ አፈር እንዲጨመርበት እመክራለሁ፤ ፍጹም ጥቁር የሆነ መደብ የሞተ ነው፣ ወደ ቡና ዐይነት ያደላ ግን ከላዩ የሚያርፈውን ቀዝቃዛ ሕብር ሁሉ ያነቃል። ከወረቀት መደብር የሚገኘው ርካሽ ጥቁር ካርቶን በማቅለሚያ የተነከረ ስለሆነ ፀሐይ ሲያገኘው እየገረጣ ይሄዳልና፣ ሌሊቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲነጋ ማየት የማይፈልግ ሰው ይተወው።

የአውሮጳ ሠዓልያን በባለ ቀለም ወረቀት መጠቀም የጀመሩት ከጥንት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የቬኒስ ሰዎች በሰማያዊ ወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ ይነድፉ ነበር፤ የዚያችው ከተማ ተወላጅ ሮዛልባ ካሪየራ (1673–1757 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የፓስቴልን ሥራ በነገሥታት አደባባይ አስከበረችው። ለሌሊት ሠዓሊ ግን ዋናው መምህር አሜሪካዊው ጄምስ ዊስለር ነው፤ ከ1879 እስከ 1880 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ተቀምጦ በቡናማ ወረቀት ላይ በሠራቸው ፓስቴሎች፣ አብዛኛውን ወረቀት ባዶውን ትቶ በጥቂት ጭረት ብቻ ግንቡንና ውሃውን ለማናገር መድፈሩ ለእኛ ትምህርት ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጽልመትን በምልክት እንጂ በሕብር አልተናገረም፤ በስቅለቱ ሥዕል ላይ የጨለመች ፀሐይና ደም የለበሰች ጨረቃ በመስቀሉ ግራና ቀኝ ይታያሉ እንጂ መደቡ ብዙ ጊዜ ብሩህ እንደ ሆነ ይኖራል። ዓለማዊው ሥዕል በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ትምህርት ቤት ካገኘ በኋላ፣ እዚያው በኋላ ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 እ.ኤ.አ. «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» የተሰኘውን ታላቅ ሸራ ሣለ። ይህ ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ የተሠራው በዘይት ቀለም ቢሆንም ጽልመትን የመኖሪያ ስፍራ፣ ብርሃንን ከውስጡ የሚወለድ ነገር አድርጎ ማየቱ ከያዝነው ሐተታ ጋራ አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት አካሄድ በሚናገርበት ክፍሉ የፀሐይ ብርሃን ከጨረቃ ብርሃን ሰባት እጅ እንደሚበልጥ ያስተምራል፤ የዘመናችን ጠቢባን በመሣሪያ ሲለኩት ግን ልዩነቱ 400,000 እጅ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያነሣሁት ጥንታዊውን መጽሐፍ ለመንቀፍ አይደለም፤ ዐይን ብርሃንን እንደ ሚዛን አይመዝንም፣ ብርሃኑ በአሥር ሲባዛ እርሱ የሚያውቀው አንድ እርከን መውጣቱን ያህል ነው፤ በዚህም አቈጣጠር 400,000 የተባለው አኃዝ ስድስት እርከን እንኳ አይሞላም። ለጨዋታ ያህል ካልሆነ በቀር ሄኖክን ከሥነ ብርሃን መምህራን ጋራ ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለሠዓሊ ግን ከመሣሪያው ቍጥር ይልቅ የሄኖክ ሰባት ይቀርበዋል፣ ምክንያቱም ሠዓሊ የሚሠራው ለዐይን ነውና።

የሠዓሊው ድህነት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ነጭ ፓስቴል ከሚወድቅበት ብርሃን ከመቶ 80 ወይም 90 ያህሉን ይመልሳል፤ ጥቁሩ ወረቀት ደግሞ 4 ወይም 5። እንግዲህ ከወረቀቱ ጽልመት እስከ ነጩ ጠመኔ ድረስ ያለው ርቀት በሙሉ 20 እጅ ብቻ ነው፤ በዚህችም ጠባብ መሰላል ላይ ጨረቃንም፣ የመኪና መብራትንም፣ የነጠላን ጥለትም፣ ከዛፍ ሥር ያለውንም ጥላ ማቆም አለበት። ስለዚህ አስቀድሞ የብርሃንን መዓርግ መደልደል ግድ ይሆናል። በሥዕሉ ውስጥ ንጹሕ ነጭ የሚሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው ብሩህ ነገር ከእርሱ በግልጽ ዝቅ ይበል፤ ሌላው ሁሉ ከወረቀቱ እምብዛም ሳይርቅ ይኑር። ነጭ ልብስ በሌሊት ነጭ አይደለም፤ ከጨረቃ በታች የቆመች ባለ ነጠላ ሴት ልብሷ በወረቀቱ ላይ ሲቀመጥ ከአመድ ዐይነት ያለፈ ሊሆን አይገባውም፤ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ከአመድ የጠቆረ ከሆነ ግን ተመልካቹ ሳይጠራጠር «ነጭ ለብሳለች» ይላል። ጨረቃ ራሷም የዚህ ምስክር ናት፤ የፀሐይን ብርሃን ከመቶ 12 ያህሉን ብቻ የምትመልስ፣ እንደ አሮጌ አስፋልት የጠቆረች ድንጋይ ሆና ሳለ፣ ከበስተኋላዋ ያለው ጠፈር ከእርሷ እጅግ ስለሚጠቍር ብቻ የብር ሳሕን ተብላ ተዘፍኖላታል።

ይህን ሁሉ ለማየት ሱሉልታን የመሰለ ስፍራ በአዲስ አበባ ዙሪያ አላውቅም። ከተማዪቱ ከእንጦጦ ሸንተረር በስተ ሰሜን፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በሰፊ የሣር ሜዳ ዳር ተቀምጣለች፤ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሡት ሯጮቿ በዓለም የታወቁ ናቸው። ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ከሸንተረሩ ማዶ የአዲስ አበባ መብራት በሰማይ ላይ ያፈሰሰውን ጸዳል፣ ከፊቱም የባሕር ዛፉን ጫፍ አንድ ባንድ ጠቍሮ ተቈርጦ ያያል። በእንጦጦ ራስ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ የከዋክብትን ምርምር የሚያውከው ይኸው ጸዳል ለሠዓሊ ግን በረከት ነው፣ ተራራው ሳይሣል በጀርባው ባለው ብርሃን ብቻ ይገለጣልና። የሚያስፈልገውም ወረቀቱን በተራራው ቅርጽ ልክ ባዶ መተውና ከበላዩ ጥቂት የደበዘዘ ብርቱካንማ ዱቄት በጣት ማሻሸት ነው።

ጨረቃን የሚሻ ሰው በሱሉልታ ሁለት ነገር ይወቅ። የመጀመሪያው፣ በዚህ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አዲስ ጨረቃ ምሽት ላይ ከምዕራብ ስትታይ፣ እንደ ወራቱ ጥቂት ዘንበል ብትልም፣ ከሞላ ጎደል ጋደም ብላ ቀንዶቿን ወደ ላይ ታቀናለች፤ ከአውሮጳ የሥዕል መጻሕፍት የተገለበጠችው ቀጥ ብላ የቆመች ማጭድ የእኛ ሰማይ አይደለችም፣ ግን በስንቱ የአገራችን ሥዕል ላይ ቆማ አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት በላይ ልትሆን ጥቂት ስለሚቀራት ከሜዳው ጋራ በአንድ ሥዕል አትገባም። መያዝ ያለባት ስትወጣ ነው። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከሙላቷ አንድ ቀን ቀድሞ ግን የቀኑ ብርሃን ገና ሳያልቅ ብቅ ስለምትል መሬቱንም እርሷንም አብሮ ማየት ይቻላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዕድሜዋን በሠርቀ ሌሊት አስልቶ ቀኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል፤ ደቂቃውን ግን ማባከን አይገባም፣ በአገራችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ድንግዝግዙ ከ20 ደቂቃ ብዙ አይዘልቅምና።

ሜዳው ከጨለመ በኋላ የሚሆነው ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያን ፑርኪንዬ የተባለ የቼክ ሐኪም፣ በቀን ከቅጠሉ ይልቅ የሚያበራው ቀይ አበባ ምሽት ላይ ከቅጠሉ ቀድሞ እንደሚጠቍር አስተዋለ። ምክንያቱ በዐይናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት መኖራቸው ነው፤ በቀን የሚሠሩት ሕብርን ይለያሉ፣ በሌሊት የሚነቁት ግን ሕብርን ሳያውቁ ለቀይ የታወሩ፣ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ለሚያደላ ብርሃን የነቁ ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነቁም ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። የጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ የተቀበለችው፣ እንዲያውም ከፀሐይ ጥቂት ወደ ቀይ ያደላ ሆኖ ሳለ፣ ለእኛ ሰማያዊ መስሎ የሚታየን ስለዚህ ነው ይላሉ። ስለዚህ በሱሉልታ ጨረቃ ሥር ቀይ ቆርቆሮ፣ ቀይ ብርድ ልብስ፣ ቀይ አፈር ቢኖር ሠዓሊው ወረቀቱን ባዶ ይተወው፤ ሣሩንና ውርጩን ግን በቀዝቃዛ አረንጓዴ ዱቄት በስሱ ይዳብሰው። እነዚሁ የሌሊት ሕዋሳት በዐይን መካከል ስለሌሉ ደብዛዛ ኮከብ አተኵረው ሲያዩት ይጠፋል፤ ከዚህም የተነሣ ከዋክብትን በሰማይ ሁሉ በእኩል ነጠብጣብ የሚዘራ ሰው ያላየውን ይሥላል። አምስት ይበቃሉ፤ መጠናቸውም ይለያይ።

በዚያ ብርድ ወራት የባሕር ዛፍ ቅጠልና የኩበት ጢስ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ላይ ሳይበተን በሜዳው ላይ ይተኛል። ይህን ለመሣል ሰማያዊ በትር ማንሣት አያስፈልግም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንዳስተዋለው ጢስ ከበስተኋላው ጽልመት ሲኖር ሰማያዊ ይመስላል፤ ደቃቅ ነገር በጥቁር መደብ ፊት ሲበተን የብርሃኑን ሰማያዊ ክፍል አብልጦ ወደ እኛ ይመልሳልና። ነጭ ፓስቴል በጎኑ ተይዞ በጥቁር ወረቀት ላይ እጅግ በስሱ ሲጎተት ያው ነገር ይደረጋል፤ ነጩ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በፓስቴል ሥራ ውስጥ ጥበቡ ተፈጥሮን ሳይመስል ተፈጥሮ የምትሠራውን ራሱን የሚሠራበት ስፍራ ይህ ነው፤ እኔም ለዚህ ስል ብቻ ጥቁር ወረቀትን ከነጭ አስበልጣለሁ።

ቡራዩ ሌላ ሌሊት አላት። ወደ አምቦ የሚወስደው አውራ መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ሲመጣ ነጭ፣ ሲሄድ ቀይ ነው። ጀማሪ የኋላውን መብራት በቀይ በትር አጥብቆ ይቀባና ለምን እንደማያበራ ይገረማል። ቀይ በትር ከሚወድቅበት ብርሃን የሚመልሰው ጥቂቱን ስለሆነ ብሩህ ሊሆን ከቶ አይችልም፤ ማብራት የሚያስፈልገው የመብራቱ እምብርት ወደ ነጭ በቀረበ ሐመር ብጫ ይነካና፣ ቀዩ በዙሪያው እንደ አክሊል በስሱ ይሻሻል። የመብራት ቀለም የሚኖረው በጸዳሉ ነው እንጂ በእምብርቱ አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦች አንዱ በሆነው በገፈርሳም ዳር ቢሆን ይኸው ሕግ ይሠራል፤ እዚያ ግን ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ከማዶ ያለው አንድ መብራት ወደ ተመልካቹ የሚወርድ ረጅም ዐምድ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ሞገድ የየራሱን ቁራጭ ይይዛልና። ዐምዱ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ከመብራቱም በአንድ መዓርግ ይደብዝዝ።

በሰበታ ደግሞ የፋብሪካ መብራትና ጧፍ ጎረቤታሞች ናቸው። የትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ በየደብሩ፣ መነኮሳይያቱም በጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳም ጧፍ ሲያበሩ የሚታየው ብርሃን ከጨረቃው በጠባዩ ይለያል። ጨረቃ ሩቅ ስለሆነች ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ታበራለች፤ የጧፍ ብርሃን ግን በአንድ ክንድ ላይ ያለ ፊት አንድ እጅ ቢቀበል፣ በሁለት ክንድ ያለው ሩቡን፣ በሦስት ክንድ ያለው ዘጠነኛውን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ጧፍ የያዘችውን እናት ፊት በሙቅ ብጫና በደማቅ ቡና ዐይነት ከሣሉ በኋላ፣ አጠገቧ ያለውን በጉንጩ ላይ በአንዲት ጭረት፣ ሦስተኛውን በነጠላው ጫፍ ብቻ ማመልከት ይበቃል፤ አራተኛው ወረቀቱ ነው። ብርሃኑም ከደረት ወደ ላይ ስለሚወጣ ጥላው የቀኑን ተቃራኒ ይይዛል፤ ከአገጭ በታች ያለው ይበራል፣ ከቅንድብ በላይ ያለው ይጨልማል። በክረምቱ መውጫ በመንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ፊትም እንዲሁ ነው፤ ሞዴል ፍለጋ የሚደክም ሠዓሊ ለአንድ እሸት ዋጋ ሙሉ ትምህርት ያገኛል።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ሦስት ከተሞች ሌሊት ቀለም ዘርግቶ መቀመጥ ራሱ ሐተታ የሚያስፈልገው ነገር ነው። አንደኛ፣ ሠዓሊው ለማየት ፋኖስ ካበራ ዐይኑ ይታወራል፣ ካላበራም ቡናማውን ከሰማያዊው አይለይም። ሁለተኛ፣ ውሻው ይጮኻል፣ ዘበኛውም መጥቶ «ወንድሜ፣ በደኅና ነው?» ይላል፤ ጥያቄው አግባብ ስለሆነ መልሱ በትሕትና ይሁን። ዊስለር ለዚህ መፍትሔ ነበረው፤ ቦታውን ትክ ብሎ ካየ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶ ያየውን ለባልንጀራው በቃሉ ይናገራል፣ የሳተው ካለ ባልንጀራው ያርመዋል፣ ሥዕሉን ግን በማግሥቱ በቤቱ ይሠራል። በቃል መማር ለለመደው ለእኛ ተማሪ ይህ አዲስ ሊሆን አይገባም። እዚያው ለመሥራት የሚጨክን ሰው ግን በትሮቹን በቀን ከጥቁር ወደ ነጭ በተርታ ደርድሮ ይምጣ፤ በጨለማ ቀለም ባይታወቅ መዓርግ በስፍራው ይታወቃልና።

የቀረው ጥበቃው ነው። ሰዎች ዱቄቱ እንዳይረግፍ ማድረቂያ መርጫ፣ ከቸገራቸውም የፀጉር ስፕሬይ ይነፉበታል። ቀደም ብዬ እንዳልሁት የፓስቴል ፍካት ከደረቅ ዱቄቱ መበተን የመጣ ስለሆነ ፈሳሹ በቅንጣቶቹ መካከል ሲገባ ብርሃኑ ይሰምጣል፤ በነጭ ወረቀት ላይ ብዙ የማይጎዳው ይህ ነገር በጥቁር ላይ ስሱን ጢስና ውርጭ ጨርሶ ያጠፋዋል። ስለዚህ መርጫው በመጀመሪያው ንብርብር ላይ ብቻ ይነፋ፣ የመጨረሻዎቹ ብርሃናት ግን ሳይነኩ ይቆዩ። የሚረግፈውን ዱቄት በአፍ መንፋት ለሳንባ መርዝ ነው፤ ሰሌዳውን አቁሞ ከጀርባው መታ መታ ማድረግ ይሻላል። ሥዕሉ ከመስተዋት ጋራ ሳይነካካ፣ በመካከሉ ቀጭን እንጨት ገብቶ ይታሰር፤ በክረምት ከእርጥብ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሻጋታ ስለሚይዘው ከጀርባው አየር ይለፍ። ጥቁር ሥዕል በመስተዋት ሥር ሲሆን ከሥዕልነቱ ይልቅ መስታወትነቱ ያይላል፤ ከፊቱ በር ወይም መስኮት ካለ እንግዳው ራሱንና ግቢውን አይቶ ይሄዳል። ስለዚህ መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ጎን በሚገኘው ላይ ተሰቅሎ፣ ራሱ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ፣ መብራቱም ከላይ ቢወርድለት ይሻላል።